ከማዕድ ቤት ወደ ምክር ቤት

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዕጩው ንግግሩን ጨርሶ ጭብጨባውን እየተቀበለ ሳለ፣ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ወጣት ብድግ ብላ ስላለፈ ሥራው ትጠይቀዋለች። ሰውየው መልሱን ያድበሰብሳል። እሷ ደግማ ትጠይቃለች። ለዕጩነት ያቀረቡት የፓርቲ አለቆች እዚያው ተቀምጠው ይቁነጠነጣሉ። ጠያቂዋን ያውቋታል፤ ከእነሱ መካከል የአንደኛውን ቤት የምታጸዳውና ማዕድ የምታቀርበው የቤት ሠራተኛ ናት።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው «ዘ ፋርመርስ ዶተር»፣ በእኛ አነጋገር «የገበሬው ልጅ»፣ በተባለ ጥቁርና ነጭ የሆሊውድ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳይሬክተሩ ኤች ሲ ፖተር ነው፤ ያሠራው ደግሞ አርኬኦ የተባለው ኩባንያ። መሪ ተዋናይቱ ሎሬታ ያንግ በ1948 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት በዚህ ሥራዋ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ሮዛሊንድ ራስልን ስለነበር ውጤቱ የዚያን ምሽት ታላቅ መደነቂያ ሆነ። እንዲህም ሆኖ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ የተሠሩ የቀድሞ ፊልሞች ሲነሡ የሚጠራው በ1939 የወጣው የፍራንክ ካፕራ ሥራ፣ «ሚስተር ስሚዝ ጎዝ ቱ ዋሽንግተን»፣ ብቻ ነው። የገበሬው ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ መጥታ፣ በእኔ አስተያየት ከዚያኛው የጠለቀ ነገር ተናግራ፣ ተረሳች።

የጠለቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ሰው፣ በተለይም አንዲት ሴት፣ ወደ ፖለቲካ ስትገባ ቤተሰቧ አብሯት ይገባል። ቤተሰብ ጋሻ ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋም ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ጋሻውን በሚገባ ያሳያል። ቢላዋውን ያሳየው ግን ከፊልሙ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ በእውነት የተፈጸመ ታሪክ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ ደግሞ ፊልሙ ራሱ በሚገባ አይታይም።

ኬቲ ሆልስትሮም የስዊድን ተወላጅ የሆኑ ገበሬዎች ልጅ ናት። ነርስነት ለመማር አባቷንና ሦስት ወንድሞቿን ተሰናብታ ወደ ከተማ ትነሣለች። ለአባቷ የቀለም ሥራ ሲሠራ የቆየ ፔትሪ የሚባል ሰው በመኪናዬ ላድርስሽ ይላታል። መንገድ ላይ ሳይደርሱ ይመሻል፤ በመንገደኛ ማረፊያ ለማደር ይገደዳሉ፤ በመጨረሻም ለትምህርቷ የያዘችው ገንዘብ በእሱ እጅ ይቀራል። ቤተሰቦቿን ላኩልኝ ማለት አልሆነላትም። ሠርታ ልታጠራቅም ወስና በአንድ ትልቅ የፖለቲካ ቤተሰብ ቤት በሠራተኛነት ትቀጠራለች። የቤቱ እመቤት አጋታ ሞርሊ (ኤቴል ባሪሞር) የፓርቲው የውስጥ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ግሌን (ጆሴፍ ኮተን) የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። በቤቱ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ክላንሲ (ቻርልስ ቢክፎርድ) አዲሷን ልጅ ገና ከመጀመሪያው ይወዳታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሣቅ የሚመጣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ይህች ልጅ ለምግብ ጠረጴዛውና ለፖለቲካው የተለያየ አንደበት የላትም። የወጡን ጨው እንደምትናገረው ሁሉ የሕጉንም ጉድለት ትናገራለች። እንግዶቹ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ተቀምጠው ማን የሞተውን የምክር ቤት አባል እንደሚተካ ሲማከሩ፣ የምታሳልፈው ልጅ ትሰማለች። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የቤቱን ምስጢር ከባለቤቶቹ በላይ የሚያውቀው ሳሎን ገብቶ የሚወጣው፣ ማንም «ሰማ ይሆን?» ብሎ የማይጠረጥረው ሰው ነው። ባለሥልጣኑ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በነጠላ ጫማ ሳለ የምታየው እሷ ናት። ፊልሙ ይህን እንደ ቀልድ ብቻ አልተጠቀመበትም። ኬቲ አዳራሽ ውስጥ ተነሥታ ስትጠይቅ ድፍረቷ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሰዎቹ እንዴት እንደሚመርጡ በዓይኗ አይታለችና ነው።

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እያቆምሁ እተረጉምላት ነበር። እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመኝ። እንግሊዝኛው «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ አማርኛ ግን አያልፍም። ኬቲ እመቤቲቱን «እትዬ» እንድትል አደረግሁ፤ ግሌንን ደግሞ «እርስዎ»። እሱ በፊናው እንደ ማንኛውም አሳዳሪ «አንቺ» ይላታል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን አፌ ተያዘ። ተቃዋሚው ፓርቲ ዕጩ ሁኚልኝ ብሎ ለምኗት፣ ሥራዋን ለቅቃ፣ ከአሳዳሪዎቿ ፓርቲ ዕጩ ጋር ስትፎካከር፣ ግሌንን አሁንም «እርስዎ» ልበላት? ወይስ «አንተ»? እናቴ ሳታመነታ መለሰችልኝ። «በአደባባይ ሁለቱም እርስዎ ይባባሉ፤ ሲዋደዱ ደግሞ ሁለቱም አንተ አንቺ።» እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተመልካች በተዋናዮቹ ዓይንና ትከሻ ብቻ የሚረዳውን የደረጃ ለውጥ እኛ በተውላጠ ስም እንሰማዋለን። ይህን ፊልም በአማርኛ የሚያሰማ ሰው ቢገኝ፣ ትልቁ ሥራ ኬቲ የቱ ዓረፍተ ነገር ላይ «እርስዎ»ን እንደምትተው መወሰን ይመስለኛል።

የታሪኩ ሥር ሆሊውድ አይደለም። ፊልሙ የተወሰደው «ዩራኮን ሁልዳ» ከተባለ የፊንላንድ ቲያትር ሲሆን፣ ደራሲዋ ሄላ ቩኦሊዮኪ ዩሃኒ ቴርቫፓ በሚል የብዕር ስም የጻፉት ነው። እዚያም ጀግናዋ የገጠር ልጅ ናት፤ ሄልሲንኪ ገብታ በምክር ቤት አባል ቤት ትቀጠራለች። ለፊንላንድ ተመልካች ግን ይህ ተረት አልነበረም። በፊንላንድ ሴቶች የመምረጥም የመመረጥም መብት ያገኙት በ1906 ነው፤ በተከታዩ ዓመት 19 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ። ከ19ኙ አንዷ ሚና ሲላንፓ ይባሉ ነበር። ሲላንፓ በልጅነታቸው በፋብሪካ፣ ኋላም በቤት ሠራተኛነት አገልግለው፣ የቤት ሠራተኞችን በማኅበር ያደራጁ ሴት ናቸው፤ በ1926 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆኑ። ሆሊውድ ውስጥ የምኞት ታሪክ ሆኖ የታየው ነገር ፊንላንድ ውስጥ አርባ ዓመት ቀድሞ ተፈጽሟል። ፊልሙ በወጣበት በ1947 ከአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች ሴቶች የያዙት አሥር እንኳ አይሞላም ነበር።

ስለ ደራሲዋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። ቩኦሊዮኪ የግራ ዘመም ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ የሶቪየት ሰላይ ሸሽገዋል ተብለው በ1943 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ሰላም ሲወርድ ተፈቱ። ፊልሙ በአሜሪካ ሲወጣ እርሳቸው የፊንላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ የሆሊውድን ሰዎች እየጠራ ኮሚኒስት ናችሁ ወይ እያለ ይመረምር ጀመር። ከምስክሮቹ አንዱ የዚህ ፊልም ፕሮዲዩሰር ዶሪ ሻሪ ነበር። ብዙ ሳይቆይ አርኬኦ «አንመልስም» ያሉ ሁለት የፊልም ባለሙያዎቹን አባረረ። እንግዲህ ያ ሁሉ አሜሪካዊ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ሄዶ የሣቀበት፣ ሽልማትም ያገኘው ኮሜዲ ከእንዲህ ያለች ደራሲ እጅ የወጣ ነበር። ፊልሙ ፓርቲዎቹን በስም አይጠራም፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ አይነግረንም። አንዳንዱ ይህን ፍርሃት ይለዋል። እኔ ግን እንደ ጥበብ ነው የማየው፤ ተመልካቹ ጎራውን ለይቶ ከመቆሙ በፊት ሰውየውን እንዲመዝን ያስገድደዋልና። መጥፎው ዕጩ ፊንሊ፣ ያ አዳራሽ ውስጥ መልሱን ያድበሰበሰው፣ የየትኛውም ፓርቲ ሰው ሊሆን ይችላል። ከወንበሩ በስተጀርባ በዘርና በሃይማኖት ጥላቻ የተሰባሰበ ምስጢራዊ ቡድን አባል ነው፤ ይህንንም የፓርቲው አለቆች አያውቁም፤ ወይም ለማወቅ አልደከሙም።

አሁን ወደ ቢላዋው ልምጣ።

ኬቲ እያሸነፈች ስትሄድ ፊንሊ ክርክሯን በክርክር አይመልስም። ፔትሪን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ያ የመንገደኛ ማረፊያ ሌሊት በጋዜጣ ይወጣል። «አብራኝ አድራለች» ይላል ሰውየው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ሕግ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትምህርት ቤት ያነሣችው ጥያቄ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ኬቲ ወደ አባቷ እርሻ ትሸሻለች። እናቴ እዚህ ላይ ስልኳን አስቀምጣ ቀና አለች። «ወዴት ትሂድ? ቤቷ ነው እንጂ» አለች።

አባቷ ግን እንድትሸሽ አይፈቅዱላትም። ተሰድበሻልና ተደበቂ፣ ስማችን ጠፋ፣ ምን ይሉናል፣ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እውነቱ ከእሷ ጋር ከሆነ ተመልሳ መታገል እንዳለባት ይነግሯታል። ሦስቱ ወንድሞቿም (በነገራችን ላይ ከእነሱ አንዱን የሠራው ሌክስ ባርከር ሁለት ዓመት ቆይቶ ታርዛን ሆኖ የታየው ሰው ነው) ፔትሪን ከተደበቀበት አውጥተው በሬዲዮ እውነቱን እንዲናገር ያደርጉታል። የሞርሊ ቤተሰብ ለፊንሊ የሰጠውን ድጋፍ አንሥቶ ከእሷ ጎን ይቆማል። የገበሬው ልጅ ታሸንፋለች።

ፊልሙን እጅግ እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም የሚያመኝን ቦታ መናገር አለብኝ። ታሪኩ ኬቲን የሚያድናት ሐሜቱ ሐሰት ስለሆነ ብቻ ነው። እውነት ቢሆንስ? አንዲት ጎልማሳ ሴት አንድ ሌሊት ያደረችበት ቦታ ከወተት ዋጋ ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ አንድም ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም። ጠላቷም ወዳጆቿም በአንድ ሕግ ይስማማሉ፤ ንጹሕ መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ሌላው ደግሞ የተቃራኒው ፓርቲ መሪዎች የራሳቸውን ዕጩ ጥለው እሷን መደገፋቸው ነው። ይህ በኮሜዲ ውስጥ ያስደስታል። በእውነተኛው ዓለም እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ሚኒሶታ መሄድ ይበቃል።

ስዊድናውያንና ኖርዌያውያን ስደተኞች በብዛት የሰፈሩባት ሚኒሶታ በ1954 የመጀመሪያዋን ሴት የምክር ቤት አባል መረጠች። ኮያ ክኑትሰን ይባላሉ። የኖርዌይ ስደተኛ ገበሬዎች ልጅ ናቸው፤ መምህርት ነበሩ፤ ኦክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ከባላቸው ጋር ሆቴል ያስተዳድሩ ነበር። አኮርዲዮን እየተጫወቱ፣ እየዘፈኑ፣ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ቀሰቀሱ። የፓርቲያቸው አለቆች የፈለጉት ሌላ ሰው ነበር፤ አልሰሟቸውም። ለብዙ ዓመታት በወንበሩ የቆየውን ተወካይ አሸንፈው ዋሽንግተን ገቡ። ለተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል ብድር እንዲጀመር ከታገሉት አንዷ ናቸው፤ ሐሳቡ በ1958 ሕግ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በአሜሪካ መንግሥት ብድር የጨረሰ ሐበሻ ሁሉ የእኚህ ሴት ባለ ዕዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው በ1958 የጸደይ ወራት በባላቸው ፊርማ አንድ ደብዳቤ ለጋዜጦች ተላከ። ጋዜጦቹ «ኮያ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሽ» በሚል ርእስ አወጡት። ቤተሰቧን ጥላለች፣ ከጽሕፈት ቤቷ ረዳት ጋር ያላት ነገር አላማረም የሚል ሽታ ያለው ደብዳቤ ነው። በኋላ እንደታወቀው ጽሑፉን ያዘጋጁት ባላቸው አልነበሩም፤ የኮያ የፖለቲካ ባላንጣዎች አርቅቀው አስፈረሟቸው እንጂ። ባልየው የሚጠጡና እጃቸውን የሚያነሡባቸው ሰው ነበሩ። ይህን ሕዝቡ አያውቅም፤ ኮያም ለመናገር አልደፈሩም፤ ወይም ክብራቸው አልፈቀደላቸውም። በኅዳር ምርጫ በ1,390 ድምፅ ተሸነፉ። በአገር ደረጃ ፓርቲያቸው ታላቅ ድል ባገኘበት ዓመት!

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡአቸው። ሁለቱም የስካንዲኔቪያ ስደተኛ ገበሬ ልጆች። ሁለቱም የፓርቲ አለቆችን የተጋፉ። ሁለቱም ላይ የተመዘዘው መሣሪያ አንድ፤ የመኝታ ቤት ወሬ። ልዩነቱ የቤት ሰው የቆመበት ቦታ ነው። ኬቲን አባቷ «ተመለሺ» ብለው ወደ ትግሉ ላኳት፤ ኮያ ግን በባላቸው ፊርማ «ተመለሽ» ተብለው ወደ ጓዳ ተጠሩ። አንዱ ቃል በሁለት ቤት ሁለት ትርጉም። ከኮያ ሽንፈት በኋላ ሚኒሶታ ሌላ ሴት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የላከችው በ2000 ምርጫ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ። ደብዳቤው የጣለው አንዲትን ሴት ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ስንቷ የመምህርነት ሥራዋን ይዛ ቁጭ ብላ «እንደ ኮያ ልሆን?» ብላ እንደተወችው ማን ይቆጥራል?

ሚኒሶታን ያነሣሁት ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ዛሬ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በ2018 የሚኒያፖሊስ ሕዝብ በሶማሊያ ተወልዳ በስደተኛ ካምፕ ያለፈችን ሴት ወደ ምክር ቤት ልኳል። የእኛም ልጆች ለትምህርት ቦርድ፣ ለከተማ ምክር ቤት መወዳደር የሚያስቡበት ዘመን ላይ ነን። ልጅቷ ልወዳደር ስትል ከአጎቶች የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፖሊሲሽ ምንድን ነው?» አይደለም። «ስምሽን ያጠፉታል፣ ቤተሰቡ ምን ይሆናል?» ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የዓለም አቀፉ የፓርላማዎች ኅብረት በ2016 ከ39 አገሮች የመጡ 55 ሴት የምክር ቤት አባላትን ጠይቆ ባወጣው ጥናት፣ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት በሥራቸው ምክንያት ሥነ ልቡናዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ፊንሊ ፔትሪን ለመግዛት ገንዘብ አውጥቷል፤ ለጋዜጣ ማድረስ ነበረበት። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም የለም፤ የአንዲት ሴት ፊት በሌላ ገላ ላይ ተለጥፎ ሳይመሽ በየስልኩ ይገባል። ፔትሪን ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ ማናዘዝ ይቻል ነበር፤ ስም የሌለውን ገጽ የትኛው ወንድም ጎትቶ ያመጣዋል?

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ኮያ ክኑትሰን ዋሽንግተን በነበሩባቸው ዓመታት፣ በ1957፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኢትዮጵያ ለሕዝብ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በጣልያን ወረራ ጊዜ አሲናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ ቲያትር ይጽፉ የነበሩ ሴት ናቸው። እርሳቸውም ያደጉት በትልቅ ቤት ነው። ከአሳላፊዎች መካከል ተነሥታ ምክር ቤት የምትገባ ኬቲ ግን በእኛ ዘንድ ገና ብርቅ ናት። ከገጠር መጥተው በየቤታችን የሚሠሩት፣ ማታ ማታ የሚማሩት፣ ዛሬም በቤሩትና በሪያድ በሰው ማዕድ ቤት ያሉት እህቶቻችን ስለ አገር ጉዳይ ምን እንደሚያስቡ ጠይቀናቸው እናውቃለን? ፊልሙን አይቼ ሳበቃ ያሳፈረኝ ይህ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ለስድስት ዓመት የኖረችውን ልጅ ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም። ድምፅ መስጠቷንም አላውቅም።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ግሌን ያገባትን ኬቲን አቅፎ የተወካዮች ምክር ቤትን ደፍ ያሻግራታል። የ1947 ተመልካች በዚህ ሣቀ፤ እኔም መጀመሪያ ሣቅሁ። ሁለተኛ ጊዜ ግን በእግሯ ብትገባ እላለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ የለ!

እናቴ ግን የያዛት ሌላ ነገር ነበር። ፊንሊ የተጋለጠው በወንድማማቾቹ ጡንቻ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ እመቤት አጋታ ሰውየውን አስቀምጠው፣ መጠጥ እየቀዱ፣ እያሞካሹ፣ ምስጢሩን አንድ በአንድ ከአፉ ያወጡታል፤ ፔትሪ የት እንደተደበቀ ጭምር። ባሪሞር ይህን ስትሠራ ፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ አትንቀሳቀስም። ፓርቲውን የሚያውቁት፣ ሰውን የሚያነቡት፣ ዕጩ የሚመርጡትና የሚሽሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ምክር ቤት ገብቷል፤ የልጃቸው ሚስት ልትገባ ነው።

«ሴትየዋ ራሳቸው ለምን አልተወዳደሩም?» አለችኝ እናቴ።

ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ ያን ትዕይንት እንደገና ከፈትሁላት።